ዱኩ መቼ ያውቃል? ትራንስ ሴት ባለታሪክ ያላቸውን ታሪካዊ የፍቅር ልብ ወለዶች ለመምረጥ

ትራንስ ሴት፣ ማለትም ስትወለድ ወንድ የተባለች ሴት፣ ባለታሪክ የሆነችበትን መጽሐፍ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዘመኑን ነው። የለንደን መኳንንት ይሻሉኛል ወይስ የበርሊን የምሽት ቤቶች? ቀጥሎ የአልጋው ትዕይንት ምን ያህል ግልጽ እንደሆነ ይጠይቃል። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ለእኔ ግን በዚህ ዘርፍ ያነበብኩትን ሁሉ የለየልኝ ሌላ ጥያቄ ነው፦ አፍቃሪው የባለታሪኳን ያለፈ ሕይወት የሚያውቀው መቼ ነው? ከማንስ አፍ? ከመጀመሪያው ነው፣ መሃል ላይ ነው፣ ወይስ ሠላሳ ገጽ ሲቀር በር ተበርግዶ፣ ሰው ሁሉ እያየ? ደራሲው ባለታሪኳን እንደ ሰው ይያት ወይም እንደ እንቆቅልሽ፣ መልሱ እዚያ ላይ ይገኛል።

ወደዚያ ከመግባታችን በፊት አንድ መደናገር እናጥራ። ወንድ መስላ የምትጓዝ ሴት በታሪካዊ የፍቅር ልብ ወለድ ውስጥ የቆየች ገጸ ባሕርይ ናት። ውርሷን ለማስከበር ወይም ከክፉ አጎት ለማምለጥ ሱሪ ትታጠቃለች፤ መጨረሻ ላይ ቀሚሷን ለብሳ ትዳራለች። ያ የመደበቅ ታሪክ ነው፤ ልብሱ ሲወልቅ ጉዳዩም ያልቃል። የትራንስ ሴት ነገር የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ ቀሚሱን ስትለብስ መደበቅ አቆመች ማለት ነው። ሻጮች ሁለቱን በአንድ ምድብ ሥር ስለሚያስቀምጧቸው አንዱን ፈልጎ ሌላውን ገዝቶ የተናደደ አንባቢ ብዙ ነው፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ትራንስ ወንድ የሆነባቸው፣ ወይም ከሁለቱም ጾታ የማይመደብ ሰው የሆነባቸው ልብ ወለዶችም አሉ። ጥሩ ጥሩዎች አሏቸው፤ ነገር ግን ባለታሪኳ ትራንስ ሴት የሆነችበትን የሚፈልግ ሰው በእነርሱ አይረካም።

ምስጢሩ የሚወጣበት ሰዓት

በመጀመሪያው ዓይነት አፍቃሪው ከጅምሩ ያውቃል። ወይ አብረው አድገዋል፣ ወይ ገና ሲቀራረቡ ቁጭ አድርጋ ነግራዋለች፣ አለዚያም እርሱ ራሱ የዚያው ዓለም ሰው ነው። ታሪኩን የሚገፋው ሌላ ነገር ይሆናል፤ ዕዳ፣ የመደብ ልዩነት፣ የጦርነት ቁስል፣ ልጇን ለሀብታም ለመዳር የቆረጠች እናት። ሲደክማችሁ የሚነበበው ይህ ነው። ባለታሪኳ ቀናተኛ፣ ግትር፣ ቀልደኛ ወይም ሰነፍ ለመሆን ቦታ ታገኛለች። ድክመቱ፣ አንዳንዱ ደራሲ ሰላሟን ለመጠበቅ ብሎ ዘመኑን አጥቦ ያነጣዋል። የ1816 ገረድ፣ ቄስና አሽከር ሁሉ ትናንት ሥልጠና ወስደው የተመለሱ ይመስላሉ። እኔ ይህን እታገሣለሁ፤ ዘመኑ ዘመን ካልሸተተው መጽሐፉን የሚወረውር አንባቢ ግን ይጠንቀቅ።

በሁለተኛው ዓይነት እውቀቱ መሃል ላይ ይመጣል። በእኔ ግምት ዘርፉ ከሁሉ የሚደምቀው እዚህ ነው። በ2022 የወጣውን የአሌክሲስ ሆልን «ኤ ሌዲ ፎር ኤ ዱክ» እንውሰድ። ቫዮላ በሰኔ 1815 በዋተርሉ ጦርነት ሞታለች ተብሎ ታምኗል። ያንን አጋጣሚ ተጠቅማ ማዕረጓንና ሀብቷን ትታ እንደ ራሷ መኖር ጀምራለች። ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛዋ የነበረው የግሬስዉድ ዱክ ደግሞ ከዚያው ጦርነት ቆስሎ ተመልሶ፣ በመጠጥና በኦፒየም ተይዞ፣ ለሞተ ጓደኛው ሐዘን ተቀምጧል። ሲገናኙ አያውቃትም።

ልብ በሉ፣ እዚህ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው የተደበቁት። አንዱ ሴትየዋ ቀድሞ በምን ስም ትጠራ እንደነበር ነው። ሌላው በሕይወት እያለች እርሱን ሐዘን ላይ መተዋ ነው። ደካማ ደራሲ ሁለቱን አንድ አድርጎ ይጨፈልቃቸውና የዱኩ ቁጣ በሴትነቷ ላይ የወረደ ያስመስላል። እዚህ መጽሐፍ ላይ ግን የሚያመው ሁለተኛው ነው፤ ወዳጅ ለወዳጁ ሊያደርገው የማይገባ ነገር ስለሆነ፣ ይቅርታም ሊጠየቅበት ስለሚችል። ሴትነት ይቅርታ አይጠየቅበትም። መሃል ላይ ምስጢር የሚፈታበትን ማንኛውንም ልብ ወለድ ስታነጻጽሩ በዚህ ሚዛን ላይ አስቀምጡት፦ ይቅርታ የተጠየቀው ስለ ምኑ ነው?

ሦስተኛው ዓይነት ምስጢሩን እስከ መጨረሻ ጎትቶ ያፈነዳዋል። ይህንን አልመክርም። አንባቢው ከባለታሪኳ ጎን መቆሙ ይቀርና እንደ መርማሪ ፖሊስ ከኋላዋ ይሄዳል። እጅ ለእጅ በተያያዙ ቁጥር «ሲያውቅስ?» የሚል ሰዓት ከሥር ይቆጥራል። ለአንባቢውም ሳይነገር ከቆየ ደግሞ ይብሳል፤ ሕይወቷ የደራሲው ማታለያ ሆነ ማለት ነው። አንድ የምተወው በር አለ። ባለጋራዋ ሊያጋልጣት ሲዝት እርሷ ቀድማ፣ በራሷ አፍ፣ በመረጠችው ክፍልና ሰዓት ብትናገር፣ ዘግይቶም ቢሆን ያ ትዕይንት የእርሷ ነው።

አማርኛ አንባቢ እዚህ ላይ ከሌላው የበለጠ የሚያይበት ዓይን አለው። እንግሊዛዊው ዱክ ፊት ለፊት ሲያናግራት የሚጠቀምበት «ዩ» ወንድና ሴት አይለይም፤ ጾታ የሚገለጠው ስለ እርሷ ለሌላ ሰው ሲያወራ ነው። እኛ ግን «አንተ» ወይም «አንቺ» ሳንል አንድ አረፍተ ነገር አንጨርስም፤ መሸሸጊያችን «እርስዎ» ነው። «እርስዎ» አክብሮም ያርቃል፣ ጾታንም ይሸፍናል። እንግዲህ አስቡት፦ ሁለቱ በ«እርስዎ» ሲነጋገሩ ከርመው አንድ ምሽት «አንቺ» ቢላት፣ መቀራረቡና ማንነቷን መቀበሉ በአንዲት ቃል ይጠቃለላል። እንግሊዝኛውን ሳነብ በልቤ እየተረጎምኩ «እርስዎ» የሚሰበርበትን ገጽ እፈልጋለሁ። ጥሩ መጽሐፍ ላይ ቦታው ወለል ብሎ ይታያል። በደካማው ላይ ግን ዱኩ የሚያፈቅራት «አንቺ» ሳይላት ነው።

ይኸው ነገር ተራኪውንም ይመለከታል። «እኔ» ብላ ራሷ የምትተርክ ከሆነ «መጣሁ፣ ወደድኩ» ጾታ አይናገርም። ተራኪው ከውጭ ከሆነ ግን የመጀመሪያው ግስ ላይ «ገባች» ወይም «ገባ» ብሎ መወሰን አለበት። መቅድሙ ላይ በድሮ ስሟ እየጠራ፣ ምዕራፍ አንድ ላይ በአዲሱ የሚጀምር መጽሐፍ ካገኛችሁ ደራሲው አንባቢውን ምን ሊያሳይ እንደፈለገ ጠይቁ። የድሮውን ስም ጭራሽ ሳይጠሩ አራት መቶ ገጽ መጻፍ ይቻላል፤ ብዙዎች ጽፈዋል።

ዘመን መምረጥ

ዓመታቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

በጣም የሚገዛው የሪጀንሲ ዘመን፣ ማለትም ከ1811 እስከ 1820 ያለው የእንግሊዝ ጊዜ ነው። ዳንስ፣ ሠረገላ፣ ርስት፣ ማዕረግ። ለትራንስ ባለታሪክ ጥቅሙ ሀብት ከለላ መሆኑ ነው፤ ትልቅ ግቢ፣ ታማኝ ዘመድ፣ ጥያቄ የማይጠየቅባት ክፍል። ጉዳቱ ብቸኝነት ነው፤ በአዳራሹ ውስጥ እርሷን የምትመስል ሌላ ሴት የለችም። ሁለት ቋጠሮዎችም አሉ፤ መጽሐፉ እንዴት እንደሚፈታቸው ተመልከቱ። አንደኛው ጋብቻ ነው፦ ከ1753ቱ ሕግ በኋላ በእንግሊዝ ያለ ቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ ወይም ያለ ፈቃድ ወረቀት መጋባት አይቻልም፤ ስለዚህ ስም የግድ ይጻፋል። ሁለተኛው ወራሽ ነው፤ ዱክነት ለወንድ ልጅ ይተላለፋል። አንዳንዱ ደራሲ ወንድም ወይም የአጎት ልጅ አዘጋጅቶ ያልፈዋል፣ አንዳንዱ የታሪኩ ልብ ያደርገዋል። ቋጠሮውን ጭራሽ የረሳም አጋጥሞኛል፤ ያኔ ማዕረጉ ጌጥ ብቻ እንደነበር ይታወቃል።

ከዚህ ዘመን በላይ የገመድ ጥላ አለ። በ1533 የወጣው ሕግ በወንዶች መካከል የሚደረግን ወሲብ በስቅላት ይቀጣ ነበር፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሰዎች የተሰቀሉት በ1835 ሲሆን የሞት ቅጣቱ የተነሣው በ1861 ነው። ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለችን ሴት እንደ ሴት ስለማያያት ሕጉ እርሷንም ይመለከታል። ይህን ጥላ በአንድ አረፍተ ነገር ጠቅሶ የሚያልፍ መጽሐፍ አለ፤ በየገጹ የሚያንዣብብበትም አለ። ልባችሁ የትኛውን እንደሚችል የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

የእኔ ምርጫ ግን ከሪጀንሲ መቶ ዓመት ገደማ ቀድማ ያለችው ለንደን ናት፤ እንዲያውም ብዙ ደራሲ አለመግባቱ ያናድደኛል። «ሞሊ ቤት» የሚባሉ፣ ወንድ የሚያፈቅሩ ወንዶች የሚሰበሰቡባቸው መጠጥ ቤቶች ነበሩ፤ ደንበኞቹ በሴት ስም ይጠራራሉ፣ ይጨፍራሉ፣ «ሠርግ» ይሠርጋሉ። ከእነዚህ አንዱ፣ የማርጋሬት ክላፕ ቤት፣ በየካቲት 1726 ተወረረ፤ በግንቦት ሦስት ሰዎች ተሰቀሉ። ይህን ብቻ የሚያውቅ ደራሲ ጨለማ ይጽፋል። በ1732 የታየው ችሎት ግን ሌላ ነገር ያሳያል። መዝገቡ ላይ ጆን ኩፐር የሚባል፣ ሰፈሩ ግን ልዕልት ሴራፊና ብሎ የሚጠራው ሰው፣ ልብሴን ተቀማሁ ብሎ ከሰሰ። ተከሳሹ ነጻ ወጣ። የሚያስደንቀው የጎረቤቶቹ ምስክርነት ነው፤ «እርሷ» እያሉ፣ ነጭ ቀሚስና ቀይ ካባ ለብሳ እንደሚያዩዋት፣ ቀሚስ እንደሚያውሷት ይናገራሉ። ሰፈርተኛው ያውቃል፣ ያማል፣ ልብስ ያውሳል። የፍቅር ልብ ወለድ ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል? በዚህ ዘመን የተጻፈ ካገኛችሁ፣ ባለታሪኳ ብቻዋን የማትሆንበትን፣ አጣቢዎችና የመጠጥ ቤት ሴቶች የከበቧትን ምረጡ።

የቪክቶሪያ ዘመን ለቴአትር ወዳጅ ነው። ስቴላና ፋኒ በመባል የሚታወቁት ኧርነስት ቦልተንና ፍሬድሪክ ፓርክ በሚያዝያ 1870 ከስትራንድ ቴአትር ሲወጡ በሴት ልብሳቸው ተያዙ፤ በ1871 ችሎቱ በነጻ አሰናበታቸው። ስቴላ «ሌዲ አርተር ክሊንተን» የሚል የስም ካርድ ነበራት፤ የምክር ቤት አባል የነበረውን የመኳንንት ልጅ እንደ ባሏ ስለምታይ። በዛሬው ቃል ትራንስ እንበላቸው ወይስ አንበላቸው በሚለው ላይ የታሪክ ጸሐፊዎች አይስማሙም። በዚህ ዘመን የሚጻፉ ልብ ወለዶች ጋዜጣ፣ ሐሜት፣ በደብዳቤ ማስፈራራት ይበዛባቸዋል። ፈጣን ናቸው። ከላይ ያልኩት ሦስተኛው ዓይነት፣ ምስጢሩ መጨረሻ ላይ የሚፈነዳው፣ የሚበዛውም እዚህ ነው።

በርሊን ሌላ ዓለም ናት። የሐኪሙ የማግኑስ ሂርሽፌልድ የጾታ ጥናት ተቋም በ1919 ተከፈተ፤ ፖሊስም የሴት ልብስ ለብሶ ለመሄድ የሚያስችል ማረጋገጫ ወረቀት ይሰጥ ነበር። ስለዚህ ባለታሪኳ ቃል አላት፣ ሐኪም አላት፣ ጓደኞች አሏት። «ትራንስቬስቲት» የሚለውን ቃል ሂርሽፌልድ ያወጣው በ1910 ነው፤ «ትራንስጀንደር» የመጣው ግን በ1965 ስለሆነ በዚህ መደርደሪያ ላይ ካሉት ልብ ወለዶች አብዛኞቹ ቃሉን በባለታሪኮቻቸው አፍ ሊያደርጉት አይችሉም። ኤስትሮጅን ተለይቶ የወጣው በ1929 ነው። ከዚያ በፊት ያለችው ሴት ያላት ልብስ፣ ፀጉር፣ ድምፅ፣ አረማመድና የሚያምኗት ሰዎች ናቸው። በርሊንን የሚመርጥ አንባቢ መጨረሻውን ያውቃል፦ በግንቦት 6 ቀን 1933 ተቋሙ በናዚዎች ተዘረፈ፣ በ10 መጻሕፍቱ ተቃጠሉ። ታሪኩ በ1926 ካለቀ ደስታው ከኋላው በሚመጣው ነገር ይኮሳመናል፤ በ1932 ከጀመረ ደግሞ የስደት ታሪክ ይሆናል። እኔ ስደቱን እመርጣለሁ፤ ባቡር ላይ ሁለት ፓስፖርት ይዘው የሚሄዱ ሁለት ሰዎች ከየትኛውም ዳንስ ይበልጥ ያስጨንቁኛል።

ከአውሮፓ ውጭ ያለው መደርደሪያ ጠባብ ነው። የሕንድ ሂጅራዎች፣ አብዛኞቹ ሲወለዱ ወንድ ተብለው በሴት ልብስና ስም የሚኖሩ፣ ጥንታዊ ማኅበረሰብ ናቸው፤ በ1871 የእንግሊዝ ቅኝ ገዥዎች በመዝገብ እንዲሰፍሩ የሚያስገድድ ሕግ አውጥተውባቸዋል። ደራሲው ሂጅራነትን የምዕራቡ ትራንስነት ቅጂ አድርጎ ከጻፈው ግን ዝለሉት።

«ይህ በዚያ ዘመን አይሆንም» ለሚሉ

ይህ ተቃውሞ ስለሚደጋገም ትንሽ እንቆይበት። የፍቅር ልብ ወለድ ዘርፍ ውል አለው፤ መጨረሻው ደስታ ወይም ቢያንስ ተስፋ መሆን አለበት። ታሪካዊ ልብ ወለድ ብቻ የሆነው ይህ ግዴታ የለበትም። ስለዚህ የመጀመሪያው ንጽጽር የምድብ ነው፦ «ሮማንስ» ተብሎ የተሸጠው አያሳዝናችሁም፤ «ታሪካዊ ልብ ወለድ» የተባለው ባለታሪኳን ሊቀብራት ይችላል።

ደስታው ውሸት ነው ለሚለው ግን ሁለት ሰዎች ላስታውስ። የፈረንሳዩ ሹም፣ ወታደርና ሰላይ ሸቫሊዬ ዴዮን በ1777 በንጉሡ መንግሥት እንደ ሴት ታውቃ፣ በ1810 ለንደን ውስጥ እስክትሞት ለ33 ዓመታት በሴትነት ኖራለች፤ በ1787 በዌልስ ልዑል ፊት በቀሚስ የሰይፍ ግጥሚያ አድርጋለች። ይህን አንድ ደራሲ ፈጥሮት ቢሆን «ተጋነነ» ይባል ነበር። ሁለተኛዋ በሂርሽፌልድ ተቋም የቤት ሠራተኛ የነበረችው ዶራ ሪክተር ናት። በ1931 የሴት ብልት ቀዶ ሕክምና አደረገች። በ1933ቱ ዘረፋ ተገደለች ተብሎ ለአሥርት ዓመታት ሲጻፍ ኖረ። በኋላ የተገኙ መዛግብት እስከ 1966 በሕይወት እንደነበረች አሳዩ። ሁላችንም አሳዛኙን መጨረሻ ያለማስረጃ አምነንላት ነበር፤ እርሷ ግን እርጅናዋን እየኖረች ነበር።

ከመግዛት በፊት

የጀርባ ሽፋኑን አንብቡ። «አስደንጋጭ ምስጢር»፣ «ማንም ያልጠረጠረው» የሚል ካለ ሦስተኛው ዓይነት ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። የድሮ ስሟን የጻፈ ከሆነ መልሱት። ከዚያ የናሙናውን ምዕራፍ ክፈቱና መስታወት ፊት የምትቆምበትን ትዕይንት ፈልጉ፤ ብዙዎች እዚያ ይወድቃሉ። ሰውነቷን እንደ ዕቃ እየቆጠረ የሚዘረዝር ደራሲ ኋላ አልጋው ላይም አይለወጥም። መስታወቱን ትቶ የጓንቷን ቁልፍ ስትታገል የሚያሳየንን ደራሲ እመርጣለሁ።

ስለ አልጋው፦ መጽሐፉ ምን ያህል ግልጽ እንደሆነ የአንባቢ አስተያየቶች ይነግሯችኋል፤ እኔ ከዚያ ይበልጥ የማየው ሁለቱ ስለ ሰውነቷ ተነጋግረው እንደሆነ ነው። ሐፍረት ያለበት፣ ሳቅ ያለበት፣ «እዚህ አይደለም፣ እዚህ» የሚባባሉበት ትዕይንት ከአሥር ገጽ ማዕበል ይሻላል። ስለ ደራሲው ማንነት ደግሞ፦ ትራንስ ደራሲ የጻፈው ብዙ ጊዜ ከጥቃቅኑ ይታወቃል፤ ዋስትና ግን አይደለም። በድምፅ የምታዳምጡ ከሆነ ናሙናውን ሳትሰሙ አትግዙ፤ መጽሐፉን የሚያነብላችሁ ሰው የባለታሪኳን ድምፅ አቅጥኖ ካሾፈበት ደራሲው የቱንም ያህል ቢደክም ዋጋ የለውም።

እንግዲህ፣ ለዘርፉ አዲስ ከሆናችሁና ቤተ መንግሥት መሰል ግቢ፣ ሐዘንና ቀስ ያለ ፍቅር ከወደዳችሁ በቫዮላና በዱኳ ጀምሩ፤ ረጅም ነው፣ መጀመሪያው ዝግ ይላል፣ ታገሡት። ዱክና ዳንስ ለሰለቸው የኢ.ኢ. ኦቶማን «ዘ ኮምፓኒየን» (2021) አለ፤ በ1940ዎቹ መጨረሻ ኒው ዮርክ ከተማ የሰለቻት ሴት ደራሲ ወደ ገጠር ሄዳ ከአንድ ታዋቂ ደራሲና ከአንዲት ጎረቤት ጋር የምትቀራረብበት፣ ሦስቱም ትራንስ የሆኑበት አጭር መጽሐፍ ነው። እዚያ «መቼ ያውቃል?» የሚለው ጥያቄ አይነሣም። ጥያቄው ከሦስቱ ማን ከማን ጋር እራት ይሠራል የሚል ነው።